ለዘገየው እንግዳ የተተወ ወንበር

መነሻ፦ እንጅባራ

ከእንጅባራ የተነሣነው በሰኔ ወር፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጉሙ ገና ከመንገዱ ሳይገፈፍ ነው። ለሁለቱ የዶርም ጓደኞቼ የነገርኳቸው ዓላማ ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ ዳንግላ ወስጄ ዓሣ ማብላትና ኮክቴል ማጠጣት ነበር። በልቤ የያዝኩት ዓላማ ግን ሌላ ነው፤ ሐያትን ማስቀረት።

ሐያት የድሬዳዋ ልጅ ናት። ኬሚስትሪ ሲከብደን ቁጭ አድርጋ የምታስረዳን እሷ ናት። የእንጅባራን ብርድ ግን ልትለምደው አልቻለችም። ካልሲ ደራርባ፣ ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ የዶርማችንን በርና መስኮት ቀን ከሌት ጥርቅም አድርጋ ትዘጋለች። «አቦ፣ ይሄ ከተማ ፍሪጅ ነው፤ ከውጭ ዘግቶብን የሄደው ሰውዬ ረስቶናል» እያለች ታስቀን ነበር። በዚያ ሳምንት ግን ቀልዱን ተወችው። ሰኞ ትምህርቷን አቋርጣ ወደ ቤቷ እንደምትመለስ ነገረችን፤ ሻንጣዋንም ከአልጋዋ ሥር አውጥታ በሩ አጠገብ አቆመችው።

«አንድ ቅዳሜ ብቻ ስጪኝ» ብዬ ለመንኳት። «አገራችን ብርድ ብቻ እንዳልሆነች አሳይሻለሁ።»

ሦስተኛዋ ጓደኛችን ብርቱካን ናት። ጣና ዳር፣ ባሕር ዳር ስላደገች በዓሣ ጉዳይ ማንንም አታምንም። «የዳንግላ ዓሣ? ዓሣው ራሱ ከእኛ አገር በመኪና ነው የሚመጣላችሁ እኮ!» ብላ አሾፈችብኝ። ጫማዋን አስራ ከሁላችን ቀድማ በር ላይ የቆመችው ግን እሷ ነበረች።

አዲስ ቅዳም

ከመናኸሪያ ሚኒባስ ይዘን ወጣን። ከከተማው እንደራቅን መንገዱ ግራና ቀኝ ለከሰል በሚተከል ዛፍ ይሞላል። ገበሬው ዛፉን ቆርጦ ይከምርና፣ ክምሩን በሣርና በአፈር ደፍኖ ውስጥ ውስጡን እንዲነድ ይተወዋል። እኔ በዚህ መንገድ ስመላለስ ያደግሁ ልጅ ነኝ፤ ሆኖም በጉም ውስጥ ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር። ሜዳው ላይ የተደፉት ክምሮች አዲስ መቃብር ይመስላሉ። ከእያንዳንዱ አናት ላይ ነጭ ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣል። በአካባቢው ሰው አይታይም።

«ከሥር የሚተነፍስ ያለ ነው የሚመስለው» አለች ሐያት፣ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ደግፋ።

አዲስ ቅዳም ላይ ሚኒባሱ ሰው ሊያወርድ ቆመ። ከጉሙ ውስጥ ቡሉኮ የተከናነቡ፣ ፊታቸው በጥላሸት የጠቆረ አዛውንት ብቅ አሉና አጠገባችን ተቀምጠው መስኮቱን ከፈት አደረጉ። ሐያት መስኮቱን ልትዘጋ እጇን ስትዘረጋ ቀስ ብለው ከለከሏት።

«ተይው የኔ ልጅ። ሌሊቱን ከከሰል ጋር ነው ያደርሁ። ከልብሴ ላይ ትንሽ ይውጣልኝ።»

«አባባ፣ ብቻዎን ነው የሚያድሩት? ጅቡን አይፈሩም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ጅብማ ይጮሃል» አሉ። «ሲመጣ ትሰሚዋለሽ። ከሰል ግን እሹሩሩ ብሎ ነው የሚያስተኛሽ።»

ብርቱካን ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም። ዳንግላ መግቢያ ላይ ሲወርዱ ሐያትን መለስ ብለው አይተው «መስኮት አትጥይ» አሏት። ሐያት በሩ ተዘግቶ ሚኒባሱ ሳይንቀሳቀስ መስኮቱን ዘጋችው።

ዳንግላ፦ ጭማቂውና ኮክቴሉ

ዳንግላ ጉሙ ቀርቶ ዝናብ ይዞ ጠበቀን። መጀመሪያ ዋናው አስፋልት ዳር ካለው ጭማቂ ቤት ገብተን ስፕሪስ አዘዝን፤ አቮካዶ፣ ማንጎና ፓፓያ ተደራርቦ ሃያ አምስት ብር ነው። ማንኪያው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሐያት ሙሉ ብርጭቆውን ጨረሰችና «እሺ፣ አንድ ነጥብ ለዳንግላ» አለች። ደስ አለኝ።

ከዚያ ወደ አንድ ሆቴል ሄድን። የምግብ ዝርዝሩ ላይ «ኮክቴል» የሚል ተጽፏል። እኔ የጴንጤ ልጅ ነኝ፣ ሐያት ሙስሊም ናት፤ ሁለታችንም አልኮል አንጠጣም። ባርማኑን ያለ አልኮል እንዲሠራልን ስንጠይቀው ግራ ገባው።

«ያለ አልኮል ከሆነማ ለስላሳ ነው የሚባለው» አለን።

«ኮክቴል በለውና አምጣልን፤ እኛ እናምንሃለን» አለችው ብርቱካን።

ለስላሳ ላይ ቀይ ሽሮፕ ጨምሮ፣ ብርጭቆው ከንፈር ላይ ሎሚ ሰክቶ አመጣልን። ለብርቱካን ቢራና ጂን ከለስላሳ ጋር የተቀላቀለበትን ቱርቦ በትንሽ ጆግ አቀረበላት። ትሪው ላይ ግን አንድ ተጨማሪ ባዶ ብርጭቆ ነበር።

«ይሄ የማነው?» አልኩት።

ልጁ እኛን ተራ በተራ አየን፤ ከኋላችንም አየ። «አራት ሆናችሁ የገባችሁ መስሎኝ ነው» አለና ብርጭቆውን መልሶ ወሰደው።

«በአንድ ብርጭቆ ቱርቦ የሰከረው እሱ ነው» አለች ብርቱካን። ሳቅን። ሐያት ብቻ ዞር ብላ በሩን አየች።

ዓሣ ቤቱ

እትዬ ጥሩዬ ከመናኸሪያው ጀርባ ዓሣ ቤት አላቸው። የአዲስ ቅዳም ገጠር ተወላጅ ናቸው፤ ከደንበኞቻቸው ግማሹን በአገውኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ያስተናግዳሉ። የሰኔ ጾም ስለሆነ እሳቸው ዓሣ አይቀምሱም፤ የጨዉን ልክ በሽታ ብቻ ነው የሚያውቁት ይባላል። ብርቱካን ይህን ስትሰማ «እኛ ሠፈር ዓሣ ጾም አያስፈታም» ብላ ልትከራከራቸው ሞከረች። «እናንተ ሠፈር ቄሱም ዋናተኛ ነው» አሏት።

ሳሎኑ ሞልቶ ስለነበር በጓሮ በኩል ካለችው ትንሽ ክፍል አስገቡን። መስኮቷ ለክረምቱ በላስቲክ ተሸፍኗል። መሐል ላይ ፍሙ የቀላ የከሰል ማንደጃ አለ። ወደ ውጭ የሚከፈተው የቆርቆሮ በር እንዳይገጥም ደፉ ላይ አንድ የእንጨት ወንበር ተቀምጧል። እትዬ ጥሩዬ ሰሃን ደረደሩልን። አራት ሰሃን።

«እትዬ፣ ሦስት ነን እኮ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ እታለም። እሱ ለዘገየው ነው።»

«ማነው የዘገየው?»

«ምኑን አውቄው። እስካሁን አልመጣም።»

«ዓሣ ይወዳል?» አለች ብርቱካን፣ ሳቋን አፍና።

«ሲመጣ ትጠይቂዋለሽ።» እሳቸው ግን ቀልድ የያዙ አይመስሉም ነበር። «በእኛ ቤት ከሰል ካለ ወንበሩ በር ላይ ነው የሚውል። እናቴም እንዲህ ነበር የምታደርግ። ለምን እንደሁ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅሁ። ወንበሯን እንዳትነኩብኝ።»

ከባሕር ዳር የሚመጣው ዓሣ ገና መድረሱ ስለነበር ቅርፊቱን ለመፋቅ በጓሮው ማዶ ወዳለው ማድ ቤት ሄዱ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። በክፍቱ በር የሚገባው ንፋስ ሐያትን ጥርስ በጥርስ ያፋጫት ጀመር።

«የማይመጣ ሰው ነው በብርድ የሚገድለኝ?» አለችና ተነሣች። ወንበሩን ወደ ውስጥ ሳበችው። በሩን ገጠመችው። ከዚያ ወንበሩን ማንደጃው ዳር አድርጋ ተቀመጠችበት።

«ኧረ ነውር ነው፣ እንዳትነኩ ብለውን...» አልኩ። ግን ያን ቀን ከሁሉ በላይ እንድትደሰት የምፈልገው እሷን ስለነበረ ቀሪውን ዋጥኩት። ክፍሏ ወዲያው ሞቀች። ከመጣን ጊዜ ጀምሮ ሐያት ጃኬቷን ስታወልቅ ያየኋት ያኔ ነው። «አሁን ድሬ ገባን» አለች። ብርቱካን ስለ ጣና ዓሣ አጥማጆች ማውራት ጀመረች። ጀልባ ሲገለበጥ አንዱ አጥማጅ ምን እንዳለ ልትነግረን ነበር። «ምን እንዳለ ታውቃላችሁ?» አለች። ትንሽ ቆይታ እንደገና «ምን እንዳለ ታውቃላችሁ?» አለች። ሦስተኛም አለች። ማናችንም አልሳቅንም፤ እንግዳ ነገር ነው ብሎ ያሰበም አልነበረም። ዝናቡ የሚዘንበው በሌላ ከተማ መሰለኝ። አራተኛውን ሰሃን እያየሁ ዓይኔን ማንሣት ከበደኝ።

«ቆይ፣ እነሣለሁ» አለች ሐያት፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ማንን ነው ቆይ የምትዪው?» አልኳት።

«ወንበሬ ነው እያለኝ ነው። አታዩትም? ዝናብ አበስብሶታል እኮ።»

ወደ በሩ አየሁ። ማንም የለም። በሩም እንደተገጠመ ነው። እኔ ግን ያደግሁት፣ ሰው ሲገባ ተቀምጦ የሚቀር ልጅ አባቱን ያሰደበ ነው በሚባልበት ቤት ነው። ጭንቅላቴ ማሰብ አቁሞ ነበር፤ ጉልበቴ ግን የተማረውን አልረሳም። «ኖር!» ብዬ ተነሣሁ።

«በእግዜር» የሚል ድምፅ መለሰልኝ።

ከዚያ እግሬ ከዳኝ። በሙሉ ክብደቴ በሩ ላይ ወደቅሁ፤ በሩም ወደ ውጭ ተበረገደ።

ጓሮውና ሆስፒታሉ

ፊቴን ዝናብ ሲመታው ነቃሁ። ጭቃው ላይ ተደፍቼ ነበር። ብርቱካን በጉልበቷና በእጇ እየዳኸች ስትወጣ አየኋት። ሐያት አልወጣችም። ወንበሩ ላይ፣ አንገቷ ወደ ጎን ወድቆ፣ እንደተቀመጠች ነበረች። «እትዬ!» ብዬ ስጮህ ድምፄ የወጣ አልመሰለኝም። ብርቱካን በአንድ እጇ፣ እኔ በሌላው ይዘን ጎተትናት። እትዬ ጥሩዬ ቅርፊት የተለጣጠፈበትን ቢላዋ ጥለው ሮጠው መጡ። ከእኛ ነጥቀው ሐያትን ዝናቡ ላይ አስተኟት። እንደ ልጃቸው እየጠሩ በአገውኛ ሲያናግሯት ደረቷ አንድ ጊዜ ከፍ አለ።

በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ወሰድናት። ነርሷ ኦክስጅን አደረገችላትና ወደ እኛ ዞረች። «የከሰል ጭስ ነው። ጥቂት ብትቆዩ ኖሮ...» ብላ ወደ ሐያት ተመለሰች። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠን የሐያትን ትንፋሽ ስናዳምጥ ብርቱካንን ጠየቅኋት።

«በእግዜር ያልሽው አንቺ ነሽ አይደል?»

«እኔ? ምላሴ እንኳ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር። አንቺ ራስሽ ያልሽው መስሎኝ።»

ሐያት ዓይኗን የገለጠችው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። መጀመሪያ የተናገረችው «ካርቦን ሞኖክሳይድ» የሚል ነበር። «ሽታም ቀለምም የለውም። የኬሚስትሪ ፈተና ላይ በትክክል መልሼዋለሁ» አለችና አለቀሰች። እኛም አለቀስን።

እትዬ ጥሩዬ አመሻሽ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ትሪ ይዘው መጡ። ሳንበላ እንደማንሄድ ነግረውን ነበርና ሙሉ ቆሮሶ ዓሣ ጠብሰው፣ ጎንና ጎኑን ተልትለው፣ ከዳጣና ከሎሚ ጋር አመጡልን። ያመጡት በአራት ሰሃን ነው። ሐያትን ትኩር ብለው አዩዋት።

«ወንበሯ ላይ የተቀመጥሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እንግዲያማ የዘገየሽው አንቺ ነሻ» አሉና አራተኛውን ሰሃን ጭኗ ላይ አስቀመጡላት። «ብይ።»

ሆስፒታሉ በረንዳ ላይ በላን። ቆዳው ከጥርስ ሥር ይንኮሻኮሻል፤ ውስጡ ነጭና ለስላሳ ነው። ብርቱካን እስከ እሾሁ መጠጠችው። «የባሕር ዳሩን አያህልም» ካለች በኋላ ጭንቅላቱን ከእኔ ሰሃን ላይ አነሣች። እትዬ ጥሩዬ ሲሄዱ እኔን ወደ ጎን ጠሩኝ።

«ወንበሯ በስብሳ አገኘኋት» አሉኝ በዝግታ።

«በሩ ሲከፈት ዝናብ ገብቶ ይሆናል።»

«ወለሉ ደረቅ ነው» አሉ።

መልስ

ያን ማታ ሐያትን ከሆስፒታል ሲያሰናብቷት እኛ ቤት አደርን፤ እሑድ ከሰዓት ወደ እንጅባራ ተመለስን። አዲስ ቅዳም ስንደርስ ክምሮቹ ፀሐይ ላይ ይጨሳሉ። ሐያት ማንም ሳይነግራት መስኮቱን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። ከኋላ ያሉ ተሳፋሪዎች «ኧረ ብርድ!» ብለው ቢያጉረመርሙም አልዘጋችውም።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን በአንድ ቃል እንድናገር ብጠየቅ እቸገራለሁ። ከሰል ባለበት ቤት በር እንደማይዘጋ ተምሬያለሁ፤ ይህን የሚያነብ ሁሉ እንዲያስታውሰው እለምናለሁ። ምክንያቱ ያልተነገረኝን ልማድ ደግሞ ከመጣሴ በፊት ቆም ብዬ መጠየቅ እንዳለብኝም ተምሬያለሁ። ኖር ስል ማን እንደመለሰልኝ ግን አላውቅም። ያልኩትን ብዬ በመነሣቴ ደስ ይለኛል።

ዶርም ስንገባ ሐያት በሩ አጠገብ የቆመውን ሻንጣ አንሥታ ወደ አልጋዋ ሥር ገፋችው። ከዚያ የምናጠናበትን ወንበር ጎትታ በሩ ደፍ ላይ አስቀመጠችው።

«ሐያት፣ እዚህ ከሰል የለም እኮ» አለቻት ብርቱካን።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ሊበርድሽ ነው።»

«ይብረደኝ» አለች፣ ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ስባ። «ቢመጣ ቆሞ እንዳይቀር።»

በሩ ክፍት ሆኖ አደረ። ሦስታችንም ፊታችንን ወደ ወንበሩ አዙረን ተኛን።