ከሰላምታው በኋላ የተነገረው

ስኖው ሲበዛ ትምህርት ቤት ይዘጋ ወይስ አይዘጋ የሚለው ክርክር እኛ ሕንጻ ላይ የሚካሄደው ሊፍት ውስጥ ነው። ሊፍቱ ቀርፋፋ ስለሆነ ሁሉም የልቡን ተናግሮ ይወርዳል። "በዚህ ብርድ ልጅ ይወጣል እንዴ?" ይላል አንዱ። "እና እኔ ሥራ ስሄድ ማን ይያዝልኝ? አንተ ትይዝልኛለህ?" ትለዋለች ሌላዋ። እሱ ስልኩን ማየት ይጀምራል። እኔ ድሮ በዚህ ጉዳይ ሐሳብ አልነበረኝም። ስማር ትምህርት ቤት ተዘጋ ከተባለ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ መተኛት ነበር የማውቀው። አሁን ሐሳብ አለኝ። ግን ከማሰብ አይደለም የመጣው፣ ከፍርሃት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ፍርሃቱን ልናገር።

የምንኖረው ቶሮንቶ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ ነው፤ እናቴ፣ እኔና ስምንት ዓመት የሆናት እህቴ። የሰፈሩ ትምህርት ቤት ሞልቷል ተብሎ ለእህቴ የደረሳት ከድልድዩ ማዶ ያለው ነው። ድልድዩ ጥልቅ ሸለቆ ላይ የተሠራ ነው። በሙቀቱ ጊዜ ሲሄዱበት ደስ ይላል፤ በዊንተር ግን ነፋሱ ከታች እየተነሣ ፊት ይገርፋል። የትምህርት ቤት ባስ ደግሞ "ቅርብ ናችሁ" ተብለን አይሰጠንም። ስለዚህ የሕንጻው እናቶች ተራ አወጡ። የወሎ አለች፣ የጅማ አለች፣ የሐረር አለች። በየሳምንቱ አንዷ ባለተራ ሆና የሁሉንም ልጆች ይዛ ትሄዳለች፣ ከሰዓትም ትመልሳለች። ልጆቹ ሎቢ ውስጥ የፖስታ ሳጥኖቹ ጋ ቆመው ይጠብቃሉ። የባለተራዋን በር ሄዶ ማንኳኳት ግን አይቻልም። እናቴ ለእህቴ ደጋግማ ነግራታለች፦ "ውለታ የምትውልልሽን ሰው በር ላይ ቆመሽ አታጣድፊም። ነውር ነው።"

እናቶቹ ወሬ የሚለዋወጡት በስልክ ግሩፕ ነው፣ ያውም በድምፅ። መልእክት ሲመጣ መጀመሪያ ሰላምታ ነው። አሰላሙ አለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ፣ እንዴት አደራችሁ፣ ልጆች ደህና አደሩ፣ ያቺ ጉንፋን የያዛት ተሻላት፣ አገር ቤት ያሉትንም አላህ ይጠብቅልን። ቀጥሎ ዱዓ። ጉዳይ ካለ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ ጊዜ የለም፤ ጉዳዩ ራሱ ሰላምታው ነው። እኔ የግሩፑን ድምፅ ካጠፋሁት ቆይቷል።

ያን ቀን ባለተራዋ ሰባተኛ ፎቅ ያሉት ጎረቤታችን ነበሩ። ወሎዬ ናቸው፣ እንደ እናቴ፣ በዕድሜ ግን ይበልጧታል። እኔ ኖርዝ ዮርክ የምሠራበትን የጫማ ሱቅ የምከፍተው እኔ ስለሆንኩ ጎሕ ሳይቀድ ወጥቻለሁ። ሱቅ በስኖው አይዘጋም። እናቴ እህቴን ስታለብስ ስልኳ ጮኸ፤ የጎረቤታችን ድምፅ ነው። የካፖርቱን ዚፕ እየዘጋች ሰላምታውን ሰማች፣ "ወአለይኩሙ ሰላም" አለች፣ አጠፋችውና ኪሷ ከተተችው። ደህና ማደራቸውን ካወቀች ሌላ ምን ትፈልጋለች? ዜና ደግሞ አትሰማም። እዚህ አገር ስኖው ሲጥል ባስ ካንስል ይሆናል እንጂ ትምህርት ቤት አይዘጋም ብላ ነው የምታምነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስም ብዙ ጊዜ ልክ ነበረች። እህቴን ይዛ ሎቢ ወረደች። ሌሎቹ ልጆች የሉም። ቀድመን ነው የወረድነው አለች። የእሷ ባስ በመስታወቱ በኩል ሲመጣ ታየ። አረጋውያን መጦሪያ ኩሽና ውስጥ ነው የምትሠራው፣ አንዴ ካረፈደች ዳግመኛ ሺፍት አይሰጧትም። "እዚሁ ቁሚ፣ አሁን ይወርዳሉ" ብላት ሮጠች።

እኔ ያለሁበት ባስ ከሰፈር ብዙ ሳይርቅ ዳገቱ ላይ ተቀርቅሮ ቆይቷል። ጎማው ይሽከረከራል፣ ባሱ ወደ ጎን ይንሸራተታል፣ ሹፌሩ ዝም ብሎ መሪውን ይዟል። ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ነው። እኔም ከፈትኩ፤ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል ይላል። መጀመሪያ ያሰብኩት "ዕድለኛ፣ ዛሬ ተኝታ ትውላለች" ብዬ ነው። ቀጥሎ እናቴ ሥራ እንደገባች ትዝ አለኝ። እና ማን ጋ ነው የተኛችው?

ግሩፑን ከፍቼ የጎረቤታችንን መልእክት አዳመጥኩ። ሰላምታው አያልቅም። በፍጥነት እንዲሄድ አደረግኩት፣ እንደ ወፍ ሲንጫጩ ቆይተው መጨረሻ ላይ "እና ዛሬ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ እኔም አልወርድም፣ ልጆቹን እንዳታወርዱ" አሉ። ለእናቴ ኮል አደረግኩ፣ አታነሣም፤ ኩሽና ውስጥ ስልክ ይዞ መግባት አይፈቀድም። ለጎረቤታችን ደወልኩ።

"አክስቴ፣ እህቴ እርስዎ ጋ ናት?"

"እኔ ጋ? የለችም የኔ ሆድ። ምነው፣ እናትሽ አልሰማችም እንዴ? ግሩፕ ላይ ተናግሬያለሁኮ።"

"ሎቢ ወርደው ያዩልኛል?"

ስልኩን ሳይዘጉ ወረዱ። የሊፍቱ ድምፅ ይሰማኛል፣ የጫማቸው ድምፅ ይሰማኛል። ከዚያ "የለችም" አሉ፣ በጣም ቀስ ብለው።

ከባሱ ወርጄ ወደ ኋላ መሮጥ ጀመርኩ። መሮጥ ማለት እግር ከስኖው መንቀል ነው። ስኖው እስከ ጉልበት ነው፣ ቁልቁለት ነው፣ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ አንድ ልጅ ሲቀር ትምህርት ቤቱ በአውቶማቲክ ይደውላል። እናቴ ያ ስልክ ያናድዳታል፤ እህቴ ጉንፋን ይዟት ስትቀር እንኳ በእንግሊዝኛ ያነበንብባታል። ያን ቀን ግን የሚደውል የለም። ዝግ ነዋ። ዝግ ትምህርት ቤት ማን ቀረ ብሎ አይጠይቅም። ልጅቷ የት እንዳለች በመላው ቶሮንቶ የሚጠይቅ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሎቢ ስደርስ ጎረቤታችን የቤት ልብስ ላይ ካፖርት ደርበው፣ በነጠላ ጫማ ቆመዋል።

"ቤታችሁን አንኳኳሁ፣ የለችም። ምድር ቤት ልብስ ማጠቢያውንም አየሁ።"

"የእርስዎን በር አንኳኳች?"

"ወላሂ በሬን ማንም አልነካው። ነቅቼ ነበር፣ ሻይ ጥጄ። አንዴ ብታንኳኳ ኖሮ..." አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

አላንኳኳችም። ማንኳኳት ነውር ነው ተብላለችና። ቁልፍ የላትም። ማርፈድ ደግሞ ትፈራለች፤ ያረፈደ ልጅ ቢሮ ሄዶ ወረቀት ይቀበላል፣ እሷ ያንን ወረቀት እንደ ፖሊስ ነው የምትፈራው። ስለዚህ ሄዳለች። ብቻዋን።

"እርስዎ እዚህ ይጠብቁ፣ ከተመለሰች ይደውሉልኝ" ብዬ ወጣሁ። ከኋላዬ "አብሽሪ፣ አላህ አለ፣ አብሽሪ" ሲሉ ሰማሁ። ድምፃቸው ራሱ አልተጽናናም።

ድልድዩ ላይ ሰው የለም። መንገድ ጠራጊው መኪና ያለውን ስኖው ሁሉ እግረኛ መንገዱ ላይ ገፍቶ ቆልሎታል፣ ዱካ ቢኖርም አልታይ አለኝ። አንድ ትንሽ ልጅ እዚያ ቁልል ላይ ብትወጣ የብረቱ አጥር ጉልበቷ ላይ ነው የሚደርሰው። ይህን ካሰብኩ በኋላ ቁልቁል ሳላይ ማለፍ አልቻልኩም። በየጥቂት እርምጃው አጥሩን ይዤ ወደ ሸለቆው አያለሁ። ነጭ ነው፣ ዛፎቹ ነጭ ናቸው። መሐል ላይ ከታች አንድ ጥቁር ነገር ተጠቅልሎ ወድቋል።

የእህቴ ካፖርት ጥቁር ነው። ቆሻሻ አያሳይም ብላ እናቴ የገዛችው።

ጮህኩ። ስሟን ነው የጠራሁት፣ ነፋሱ ወደ አፌ መለሰው። ጥቁሩ ነገር ተንቀሳቀሰ፣ አንድ ጎኑ ተነሣ፣ ተነፋ፣ ተመልሶ ተኛ። የቆሻሻ ላስቲክ ነበር። ላስቲክ መሆኑን ካወቅሁ በኋላም አጥሩን እንደያዝኩ ቆሜ ነበር፤ እጄን ሳነሣ ጓንቴ ብረቱ ላይ ተጣብቆ ቀረና ጎትቼ አላቀቅኩት።

ትምህርት ቤቱ ግቢ ስደርስ ዱካ አገኘሁ። ትንንሽ ነው። ወደ ዋናው በር ይሄዳል፣ እዚያ ብዙ ረግጣለች፣ ከዚያ ዞሮ ወደ ጎን በር፣ ከዚያ ወደ መዋዕለ ሕፃናቱ በር፣ ከዚያ ወደ ጂሙ በር። በየበሩ ስኖው ተረጋግጧል። ከሕንጻው ወዲያ ማዶ የስኖው ማጽጃ ማሽን ሲጮህ ይሰማል። ዱካውን ተከትዬ ከኋላ በኩል ስዞር ከግድግዳው ሞቅ ያለ አየር የሚወጣበት የብረት ወንፊት አለ። ሥሩ ስኖው ቀልጦ አስፋልት ይታያል። እዚያ ተኮራምታ ቁጭ ብላለች፣ ቦርሳዋን ታቅፋ።

አየችኝ። አላለቀሰችም። "አላረፈድኩም" አለችኝ። "ቀድሜ ነው የመጣሁት። ሁሉንም በር ኖክ አደረግኩ።"

"ጓንትሽስ?"

"በጓንት ኖክ ሲደረግ አይሰማም።"

ጣቶቿን አየሁ። ሻማ ይመስላሉ። ሁለቱ ጫፋቸው ጭራሽ ነጭ ነው። ካፖርቴን ከፍቼ እጆቿን ብብቴ ውስጥ ከተትኩ፣ በረዶ የከተትኩ መሰለኝ። "ያምሻል?" "አያመኝም፣ አይም ኦኬ" አለች። ጣት እንዲህ ነጥቶ ካላመመ ሞቶ ሊቀር ይችላል፤ ይሄኔ ነው ከድልድዩ የባሰ የፈራሁት። ተሸክሜያት ማሽኑ ወደሚጮህበት ሄድኩ። ጽዳት ሠራተኛው ጆሮው ላይ ትልቅ መሸፈኛ አድርጓል፣ ከፊቱ እስክንቆም አላየንም። እሷን ሲያይ ማሽኑን አጠፋና ቁልፉን ከኪሱ አወጣ።

መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ፣ ለሕፃናት የተሠራ ዝቅ ያለ መታጠቢያ ላይ፣ ለብ ያለ ውሃ ለቀቅሁላት። ጎረቤታችን በስልክ ናቸው፣ ማግኘቴን ከሰሙ ጀምሮ እያለቀሱ ያዛሉ። "አሺው፣ በደንብ አሺው፣ ቤት ስትመጣ በቅቤ እናሸዋለን።"

"አይታሽም አክስቴ። ቆዳው ይላጣል።"

"ማን አለ?"

"ትምህርት ቤት ነው የተማርኩት።"

"ዝግ የሆነው ትምህርት ቤት?" አሉ፣ እያለቀሱ። መሳቅም ማልቀስም አልቻልኩም።

"ውሃው ሞቃት ነው ቀዝቃዛ?" አልኳት እህቴን።

"አላውቅም።"

እንደገና ጠየቅኋት። "አላውቅም" አለች፣ ጣቶቿን የሌላ ሰው ጣት ይመስል እያየች። ጽዳት ሠራተኛው በሩ ላይ ቆሞ አምቡላንስ ልጥራ አለኝ፤ ጥራ አልኩት። ለእናቴ ምን ብዬ እንደምነግራት በልቤ ዓረፍተ ነገር እሠራለሁ፣ አፈርሳለሁ። ያን ጊዜ ፊቷ ተጨማደደ። "ያቃጥላል" አለች። ከዚያ እሪ ብላ አለቀሰች፣ እጇን ከውሃው ልታወጣ ታገለችኝ፣ ኡሚ ኡሚ እያለች ሕንጻውን አናወጠችው። ይዣት እኔም አለቀስኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ለቅሶ የለም።

ጣቶቿ ተረፉ። የሁለቱ ቆዳ ተልጦ አዲስ ወጣ። አሁንም ብርድ ሲነካቸው ያሳክኳታል። እናቴ ስለዚያ ቀን አታወራም፣ ሲነሣ ትወጣለች።

ሊፍት ውስጥ ሲጠይቁኝ እንዲህ እላለሁ፦ ብርዱ ይገድላል፣ ስለዚህ ዝጉት። ግን ሲዘጋ አንድ ሰው በር ከፍቶ ውስጥ ይቀመጥ። ያልሰማ ሰው ሁሌም ይኖራል። ብርዱን ከትምህርት ቤቱ ጋር አብሮ የዘጋው የለም፣ የእኛንም ሥራ የዘጋው የለም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ ደግሞ ተዘግቷል። እናቴ ሥራ ነበራት፣ እኔም ሥራ ነበረኝ። እህቴን ሱቅ ወሰድኳት። ማናጀሬ አየቻት፣ እኔን አየችኝ፣ ወደ ሥራዋ ዞረች። ከኋላ መጋዘን ውስጥ፣ በጫማ ካርቶኖች መሐል አስቀመጥኳት። ሥዕል ስትሥል ዋለች። ደንበኛ ቁጥር ነግሮኝ ጫማ ላመጣ ስገባ አያታለሁ። ደንበኛ ሳይኖርም እገባለሁ።

"ምን ፈልገሽ ነው?" አለችኝ በመጨረሻ፣ ቀና ሳትል።

"ምንም። ሣዪ።"

ወጣሁ። ትንሽ ቆየሁና እንደገና ገባሁ።