ለላሞቹ የተዘራ ጎመን

ባሏ ወገቡን ከተያዘ ወዲህ የቤቱ ሥራ ሁሉ በእሷ ጫንቃ ላይ ወደቀ። ከሁለቱ ላሞች የምትታለበውን ታልባለች፣ ወተቱን በየደንበኛው ቤት ታዞራለች፣ ጓሮ ለከብቶቹ የተዘራውን ጎመን ታጭዳለች። ሰውየው ተኝቶም እርሻውን አልተወ፤ በመስኮት እያየ ያዛል።

"ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል፤ ዩሪያ ማዳበሪያ አንሶታል" አላት አንድ ጠዋት።

"ባለፈው በትኜለታለሁ።"

"ጨምሪበት! ያረገዘችው ላም ልትወልድ ነው፤ በዚህ ከሲታ ቅጠል ምን ወተት ይወጣታል?"

"ወገብህን እንጂ አፍህንማ ምን ይይዘዋል!"

ሊስቅ ሲል ወገቡን ወጋውና አቃሰተ። እሷም ለመከራከር አቅም አልነበራት። ባልዲውን በክንዷ አንጠልጥላ ነጩን የማዳበሪያ ፍሬ እየዘገነች በየመስመሩ በተነች። የእጇ ስንጥቅ ውስጥ እየገባ ለበለባት። የተረፈውን ወደ ጆንያው መመለስ ታከታትና እዚያው ጎመኑ ላይ ደፋችው።

ካፊያ ብልጭ ብሎ ጠፋ፤ ከዚያ ሰማዩ እንደዳመነ ዝናብ ሳይሰጥ ሰነበተ። ጎመኑ ግን ቅጠሉ ሰፍቶ፣ አረንጓዴው ጠቁሮ የሚያስጎመጅ ሆነ።

"አላልኩሽም?" አለ ባል።

ድርቆሹ አልቆ ነበር። ሌላ ፍለጋ ለመሄድ እግሯ እምቢ ቢላት ጎመኑን ብቻ አጭዳ ሰጠች፤ ላረገዘችው ደግሞ አብዝታ። ከሰዓት በኋላ ላሚቱ እያለከለከች ስትንገዳገድ አገኘቻትና የከብት ሐኪሙን ሮጣ ጠራች። ሐኪሙ ደም ቀድቶ ቢያይ ቀለሙ ቡናማ ጭቃ መስሏል። በደም ሥሯ መድኃኒት እየሰጣት ጠየቀ፤

"እናቴ፣ ማዳበሪያ አብዝተው ነበር?"

"አዎ ልጄ።"

"ቅጠሉ የጠጣውን ማዳበሪያ ፀሐይ ስላጣ ገና አልፈጨውም፤ እንዲህ ሲሆን ለከብት መርዝ ነው። በትንሽ በትንሹ ይበትኑ፣ ቆይተው ይጨዱ፣ ድርቆሽም ይቀላቅሉበት።"

ላሚቱ ተረፈች። ጥጃዋ ግን ሞታ ተወለደች።

ቀብራት ስትገባ ባሏ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር። "እኔ ነኝ ጥፋተኛው" አለ።

"አንተ አዘዝክ፣ እኔ በተንኩ" አለችና ጭቃዋን ሳታራግፍ ወለሉ ላይ ዘፍ አለች። "ለመጣላት እንኳ ደክሞኛል።"

በኋላ "አንዷን እንሽጣት። አንድ ላም ይበቃናል" አላት።

ይህን እንዲላት ስንት ጊዜ ተመኝታለች! አሁን ሲላት ደስታው የት እንደገባ ጠፋት። "እሺ" አለች፤ የማታው ወተት ስላልታለበም ግድግዳውን ተደግፋ ተነሣች።