ከአሥራ ስምንቱ አሥራ ስድስቱ

በጤና ጣቢያው መዝገብ ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራችውን ሴትዮ ባልደረቦቿ «ከስንቷ» ይሏት ነበር። ሃያ ሰው ታመመ ሲባል «ከስንት ሰው?» ሳትል አታልፍማ። ቢስቁባትም ምን ገዷት።

የዚያን ሳምንት ግን የሚስቅ ሰው ጠፋ። ተቅማጥና ትውከት ገብቶ ኮሪደሩ በፍራሽ ተሞላ። ኃላፊው ላብ በላብ ሆነው መጡና፣ «ከላይ ሰፈር አርባ ሰው፣ ከታች ሰፈር አሥራ ስምንት! በሉ ሁላችሁም ወደ ላይ ሰፈር!» አሉ።

«ላይ ሰፈር እኮ ስምንት ሺህ ሰው ነው» አለች ከስንቷ። «ታች ሰፈር ሦስት መቶ ቢሆን ነው። ላይ ከሺህ አምስት፣ ታች ከሺህ ስድሳ መሆኑ አይደለም እንዴ?»

ኃላፊው ወረቀቱን ደግመው አዩት። «እንግዲያው አንቺው ሂጂ። እስከ ማታ መልስ እፈልጋለሁ።»

ደብተሯን ይዛ ወጣች። ታች ሰፈር ውስጥ የታላቅ እህቷ ጁስ ቤት ነበር።

ለእያንዳንዱ ታማሚ ሁለት ጤነኛ ጎረቤት መርጣ ሁሉንም አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቀች፤ ምን በላችሁ፣ ምን ጠጣችሁ፣ የትና መቼ። ከዚያ አንድ ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ደመረች። ከአሥራ ስምንቱ ታማሚዎች አሥራ ስድስቱ ከእህቷ ቤት ጠጥተዋል። ከሠላሳ ስድስቱ ጤነኞች አምስቱ ብቻ። ተሳስቼ ይሆናል ብላ እንደገና ቆጠረች፤ ያው ነው።

«እትዬ፣ ዛሬ አንድ ብርጭቆ እንዳይወጣ። የውሃ ታንከሩን ዝጊው» አለቻት ጁስ ቤቱ ገብታ።

እህቷ ማንጎ እየላጠች ነበር። «የኔ ውሃ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«ገና አላወቅኩም። ግጥምጥሞሽም ሊሆን ይችላል፤ ከውሃው ናሙና ወስደን ይመረመራል።»

«ሳታውቂ ነው የምትዘጊብኝ? እኔ ያሳደግኩሽ?»

«ምርመራው እስኪመጣ ስንት ሰው ይጠጣል እትዬ?»

እህቷ ቢላዋውን ጣለችና በሩን ፊቷ ላይ ዘጋችው። ከስንቷም ለኃላፊው በምታቀርበው ወረቀት ላይ የቤቱን ስም ጻፈች። ያንኑ ማታ ጁስ ቤቱ ታሸገ፤ ከታንከሩም ናሙና ተወሰደ።

በሦስተኛው ቀን ውጤቱ መጣ፤ በታንከሩ ውሃ ውስጥ ጀርም ተገኘ። ኃላፊው ግን አልተረጋጉም። «አልጋው እንደሞላ ነው እኮ፤ ምኑ ቀነሰ?»

«የተኙት የቀድሞዎቹ ናቸው። ከታች ሰፈር አዲስ ታማሚ ትናንት ሁለት፣ ዛሬ አንድም የለም።»

ከተኙት መካከል የታች ሰፈሩ ልብስ ሰፊ ግን አልተነሡም።

እህቷ ሁለት ወር ሙሉ ስልክ አላነሣችላትም። አንድ እሁድ ሳይታሰብ ቤቷ መጥታ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እውነቱን ንገሪኝ። ሰውዬው የሞቱት በኔ ውሃ ነው?»

ከስንቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጥር አጣች። «ስለ ሰፈሩ ልነግርሽ እችላለሁ፤ አብዛኛው ሰው ካንቺ ውሃ ነው የታመመው» አለች በመጨረሻ። «ስለ እሳቸው ለብቻቸው ግን አላውቅም እትዬ፤ ከሌላም ይዟቸው ሊሆን ይችላል። መቼም ቢሆን አላውቀውም።»

እህቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ታናሽየዋም ተጠግታ አጠገቧ ተቀመጠች።