ማናለብሽና የዘንገናው መቀርቀሪያ

ከኢንጅባራ ተነሥቶ ዘንገና ሐይቅን ሊያይ የሚመጣ ሰው ቁልቁለቱን ጨርሶ ዳርቻው ሲደርስ መጀመሪያ የሚያየው ውሃውን ሳይሆን ማናለብሽን ነው። ከብሳናው ዛፍ ሥር፣ የተቀቀለ ድንች የሞላው ሳፋ ከፊቷ፣ ሚጥሚጣው በትንሽ ጣሳ። አንድ ካልበላህላት ሐይቁን እንድታይ የምትፈቅድልህ አትመስልም። ሃያ ዓመት እዚያ ተቀምጣለች። እኔ ብሥራት የሰፈሩ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ፤ ከዳንግላ ተመድቤ የመጣሁ ቀን መጀመሪያ ያበላችኝ እሷ ስለሆነች፣ ስለሷ ሳወራ አዳላለሁ።

ባሏ ክንዴ አጥር ሠሪ ነው። ቀርከሃ ሰንጥቆ ሲጎነጉን ዓይን እጁን መከተል ያቅተዋል። ከዘንገና እስከ ጥሊሊ ካሉት ደህና ደህና አጥሮች ግማሹ የሱ ነው። ሰውዬው ዝምተኛ ነው፤ የሁለቱንም ወሬ ሚስቱ ስለምትጨርሰው የሚናገረው አይተርፈውም።

በ2008 ዓ.ም. አንድ ባለሀብት የሐይቁን ዳርቻ ለሎጅ ተመርቶ መጣ። የመጀመሪያ ሥራው መውረጃውን ማጠር ነበር። በእኛ በኩል ዙሪያው ገደል ነው፤ ሰውም ከብትም ወደ ውሃው የሚወርደው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። እሱ ከተዘጋ የሰፈሩ ከብት ውሃ ፍለጋ የሰዓት መንገድ ሊሄድ ነው፤ ማናለብሽም ከብሳናዋ ሥር ልትነቀል ነው።

«እኔን?» አለች ወሬውን ስትሰማ። «እኔን ከዚያ የሚያስነሣኝ የፈጣሪ ጥሪ ብቻ ነው። መምህር፣ ብዕርህን አምጣ!»

አቤቱታውን ጻፍኩ፤ ማስፈረሙን ለሷ ተውኩት። ጉድ የመጣው ከዚያ ነው። በሦስት ቀን ሰፈሩን አዳርሳ መንገደኛ ጀመረች። የጫግኒ ሚኒባስ ውስጥ ገብታ አሥራ አንድ ሰው አስፈረመች። አንዱ ሐይቅ የሚባል በዓይኑ አይቶ እንደማያውቅ ቢነግራት፣ «ታዲያ ከታጠረ በምን ልታየው ነው?» ብላ አውራ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነከረችው። ክንዴም ፈረመ። ፈረመና በማግሥቱ ጠዋት ገጀራውን ይዞ አጥሩን ሊሠራ ሄደ። ባለሀብቱ የቀጠረው ለካ እሱን ነበር!

«ፈርመህ አልነበረም ወይ?» አለችው ሲመለስ፤ ድምጿ እኔ ቤት ድረስ ይሰማል።

«ፈርሜያለሁ።»

«ታዲያ ምን ልትሠራ ሄድክ?»

«አጥር። ቃል ሰጥቼ ነበር፤ የያዝኩትን አጥር ሳልጨርስ ትቼ አላውቅም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አኮረፈችው። ዝም ማለት ግን ስላልለመደባት በላሟ በኩል ታናግረው ነበር። «ቡሬ፣ ለዚያ ሰውዬ ራቱ ምድጃው ዳር መሆኑን ንገሪልኝ» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አቤቱታውን ወረዳ አስገባን። ማክሰኞ ኑ ተባልን፤ ማክሰኞ ሄድን። ሐሙስ ተባልን፤ ሐሙስ ሄድን። ስንመላለስ ከርመን በመጨረሻ አቤቱታው ጠፋ ተባለ። ደግነቱ ማናለብሽ ሰው አታምንም፤ ሁለት አስጽፋ ሁለቱም ላይ ነበር ያስፈረመችው።

የመሠረት ድንጋዩ የሚጣልበት ቀን ሁለት መኪና ሙሉ እንግዳ መጣ። መኪኖቹን ከአጥሩ ወዲህ አቁመው ባለሀብቱ፣ አንድ የወረዳ ኃላፊና ሌሎቹ በእግር ወደ ዳርቻው ወረዱ። እኛም የሰፈሩን ሽማግሌ አቶ እንግዳውን አስቀድመን፣ ሁለተኛውን አቤቱታ ይዘን የአጥሩ በር ጋ ደረስን። ማናለብሽ ሳፋዋንም ይዛለች፤ ለትግልም ቢሆን ባዶ እጇን አትሄድም።

ባለሀብቱ ገና ሲያየን ከታች ሆኖ «በሩን ዝጋው!» ብሎ አብሮት የወረደው ዘበኛ ላይ ጮኸ። ዘበኛው ሮጦ መጥቶ ዘጋው። ከዚያ በሩን በሁለት እጁ ይዳብስ ጀመር። ላይ ዳበሰ፣ ታች ዳበሰ፣ ጎንበስ ብሎ አየ። መቀርቀሪያ የለም። መቀርቀሪያው ያለው በእኛ በኩል ነበር! እስከዚያ ቀን ከእኛ ልብ ያለው አልነበረም፤ ለእኛ ቦታውን የሳተ አልነበረማ።

ማናለብሽ ሳፋዋን መሬት አስቀመጠች። «ዝጋው ተብሏል አይደል?» አለችና እንጨቱን ወደ ቦታው ሰደደችው፤ እንግዶቹ ሁሉ ውስጥ ቀሩ።

መጀመሪያ ማን እንደሳቀ አላውቅም። አቶ እንግዳው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፤ እኔ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ደስታ እንዲህ ራስ ሲያዞር ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

ባለሀብቱ ዳገቱን እያለከለከ ወጣ። «ማነው ይህን በር የሠራው?»

ክንዴ ከኋላችን ብቅ አለ። «እኔ ነኝ ጌታዬ።»

«መቀርቀሪያ በውጭ በኩል ይደረጋል እንዴ?»

«ውጭ?» ክንዴ ከልቡ ግራ ገባው። በሩን አየ፣ ዞሮ ሰፈሩን አየ። «መቀርቀሪያ የሚደረገው ሰው በሚያድርበት በኩል ነው፤ አርባ ዓመት እንዲሁ ነው የሠራሁት። እዚያ ታች የሚያድር ሰው አላየሁም።»

ሽምግልናው እዚያው ተጀመረ፤ አቶ እንግዳው ከዚህ፣ ባለሀብቱ ከዚያ፣ መሃላቸው የክንዴ ቀርከሃ። የእኛ ሰው ባለሀብቱ እንዳይሰማ ሲፈልግ በአገውኛ ይመካከራል፤ ከዚያ በማንኛውም ቋንቋ በሚገባ ሳቅ ይስቃል። ፀሐዩ ሲበረታ እንግዶቹን ራባቸው። ማናለብሽ በበሩና በምሰሶው መካከል ባለችው ክፍተት ድንች ታቀብል ጀመር።

«እንኩ ጌታዬ፣ ይብሉ። በባዶ ሆድ እልህ ይብሳል።»

ባለሀብቱ አራት በላ። አራተኛው ላይ «ሚጥሚጣ ጨምሪልኝ» ሲል እንዳሸነፍን ገባኝ።

ኃላፊው አቤቱታውን በክፍተቷ ተቀብሎ አነበበ። «ይህ እኛ ጋ አልደረሰም» አለ።

«አሁን ደረሰ» አለች ማናለብሽ።

መውረጃውና ዳርቻው የሕዝብ ሆኖ እንዲቀር፣ ሎጁ ከላይ ኮረብታው ላይ እንዲሠራ፣ አጥሩ እንዲነሣ ተስማሙ። ከወረቀቱ ጀርባ ተጻፈ፤ ተፈረመ።

«ማኅተሙ መኪና ውስጥ ነው፤ ክፈቱልንና ወጥቼ ልምታበት» አለ ኃላፊው።

«እርስዎ ምን አደከመዎት? እናመጣልዎታለን» አለች ማናለብሽ።

የኃላፊው ሹፌር ከመኪናው ወርዶ ከእኛው ጋር ድንች ሲበላ ነበርና የማኅተሙን ቦርሳ ሮጦ አመጣ። ማኅተሙ አረፈ፤ መቀርቀሪያው ተነሣ።

በማግሥቱ አጥሩን ያፈረሰው ክንዴ ራሱ ነው። ማናለብሽም አፍ ለአፍ አናገረችው፤ ቡሬም ከመላላክ ዐረፈች።

እሑድ ጠዋት ሁለቱን ተከትዬ ወረድኩ። ማናለብሽ አጥሩ በቆመባቸው ሳምንታት፣ ማለፍ ገና ስላልተከለከለ፣ ሳፋዋን በእጇ አቅፋ በሩን በትከሻዋ መግፋት ለምዳ ነበር። በሩ የነበረበት ቦታ ስትደርስ እንደ ልማዷ በትከሻዋ ገፋች። የሚገፋ የለም! ተንገዳገደች፣ ሳፋው ተገለበጠ፣ ድንቹ ሁሉ ቁልቁለቱን ተያያዘው። ክንዴ ሊለቅም ሲሮጥ እሷ መንገዱ መሃል ተቀምጣ፣ በሳቅና በእንባ መሃል፣ ሐይቁ እስኪያስተጋባ ጮኸችበት፦

«ተወው ይሂድ! መንገዱ ክፍት ነው!»