አባቴን ጎበዝ ማለት

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት ነው። ትዝ ባለኝ ቁጥር አሁንም እበግናለሁ።

አባቴ ፓርኪንሰን አለባቸው። ሰሚት ኮንዶሚኒየም አብረውኝ ነው የሚኖሩት። የእጃቸውን መንቀጥቀጥ ለምደነዋል። ያስቸገረን መዞር ነው። ባሉበት ዞር ሲሉ እግራቸው ወለሉ ላይ ተጣብቆ ይቀርና ይወድቃሉ። ሁለት ጊዜ ወደቁ። ሦስተኛው ዳሌያቸውን ይሰብረዋል፣ ከዚያ በኋላ መነሳት የለም ተባልን። መፍትሔው ቀላል ነበር፤ በትንንሽ እርምጃ ሰፋ አድርጎ መዞር።

እኚህ ሰውዬ እኮ የመንጃ ፈቃድ ፈታኝ ሆነው ነው ጡረታ የወጡት። የከተማውን ሰው እኩሌታ በአዟዟር የጣሉ ሰው ከወጥ ቤት ወደ ሳሎን መዞር አቃታቸው። ሁለት ወር ጮህኩ። «እሺ» ይሉና ተመልሰው ያው ናቸው፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ግትር ናቸው ብዬ ደመደምኩ።

አትላስ አካባቢ ወዳለ ክሊኒክ ወሰድኳቸው። ኢምፔሪያል ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ አንድ ሰዓት ቆምን፤ እሱንም በእሳቸው አመካኘሁ። ፊዚዮቴራፒ የምትሠራው ልጅ እሮሮዬን እስክጨርስ ታገሠችኝ። ከዚያ አስረዳችኝ። በሽታው አንጎል ውስጥ «ይሄ ጥሩ ነው፣ ድገመው» የሚለውን ንጥረ ነገር ይቀንሳል። መድኃኒቱ ይተካዋል፤ ግን መድኃኒቱ በሚሠራበት ሰዓት ብዙ ሕመምተኞች ከቁጣ ይልቅ ከምስጋና ነው የሚማሩት።

«አባትዎ ሲሳሳቱ ዝም ይበሉ» አለችኝ። «ሲያስተካክሉ ወዲያው ጎበዝ ይበሏቸው።»

ተናደድኩ። አባትን ጎበዝ ማለት ምን የሚሉት ነገር ነው? ወተቱን የጨረሰ ሕፃን ናቸው? በእኛ ቤት ልጅ እንኳን ፊት ለፊት አይመሰገንም፣ ይበላሻል ተብሎ።

በማግስቱ ክኒናቸውን ውጠው ትንሽ ቆይተው፣ አስበውም ይሁን ሳያስቡ፣ ሰፋ አድርገው ዞሩ። ጥርሴን ነክሼ «ጎበዝ አባባ» አልኩ። ፊቴ ነደደ። ቆም ብለው አዩኝ። ይቆጡኛል ስል መንገዳቸውን ቀጠሉ። ከሰዓት በኋላ ደገሙት፤ እኔም ደገምኩ። በሦስተኛው ሳምንት ሳልነግራቸው ይዞሩ ጀመር። ከዚያ ወዲህ አልወደቁም።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ጎበዝ ካልተባሉ አይቀመጡም። ወንበሩ አጠገብ ቆመው ይጠብቁኛል፤ ወጡ ቢያር፣ ስልኩ ቢጮህ ግድ የላቸውም።

አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ ያን ሁሉ ጊዜ ስጮህ ለምን እንዳልሰሙኝ ጠየቅኳቸው።

«እሰማሽ ነበር እኮ ልጄ» አሉኝ። «መጮህሽ ትዝ ይለኛል። ምን አድርጉ እንዳልሽኝ ነው የሚጠፋብኝ።»

እስከ ዛሬ የሚያበግነኝ ይሄ ነው። ሁለት ወር ሙሉ የተቆጣሁት በሽታውን ነበር፤ የሰሙት ግን አባቴ ናቸው።