አጎቴ መስታወት ላይ የሚፈልጉት ወረቀት

አጎቴ ሞተራቸውን መርሳ መናኸሪያ ሲያቆሙ፣ ከሰላምታ በፊት የሚኒባሶቹን የፊት መስታወት ያያሉ፤ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ተለጥፎ እንደሆነ።

"የታለ?" አሉት አንዱን ሾፌር።

"ጋሼ፣ ይቺ የለጠፍኳት ማርያም ትበቃኛለች።"

"አንተንስ ታውጣህ። ስትገጨኝ እኔን ማን ያሳክመኛል?"

ሳቀባቸው፣ ጀግናው! ኋላ ውርጌሳ ላይ የገጫቸው እሱው ነው። ማሳከሚያ የለኝም አለ። ሞተራቸውን ሸጠን ደሴ አሳከምናቸው፤ አልተረፉም። አሁን መናኸሪያው ውስጥ ጎንበስ ብሎ መስታወት የሚያይ ሰው የለም።

ኢንሹራንስ ያጣው ሰውዬ ሽማግሌ አላጣም። በአርባቸው ማግስት ሦስት ሽማግሌ ላከብን።

"የእግዜር ቁጣ ነው፤ ይቅር በሉት" አሉን።

"መኪናው አሁንስ ኢንሹራንስ ገባ፣ አባቶቼ?" አልኳቸው።



"ገና ነው ልጄ" አሉኝ አንዱ። "እኛንም ያመጣን በዚያው መኪና ነው።"