በደመና ቀን የለካሁት

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ካልጋሪ ውስጥ፣ በአርባ ዓመቴ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፊዚክስ ጀመርኩ። እሱን ካላለፍኩ የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን ትምህርቱ አይቀበለኝም።

አስተማሪያችን ከቮልት መለኪያ ጋር የተያያዘች ትንሽ የሶላር ሴል ለየግላችን ሰጡን። ሥራው ቀላል ነው፤ በረዶ ላይ ቆሞ ሴሏን ወደ ሰማይ አዙሮ ማንበብ፣ ገልብጦ ወደ በረዶው ማንበብ፣ ሁለተኛውን ቁጥር ለመጀመሪያው ማካፈል። በረዶው ከደረሰው ብርሃን ምን ያህሉን እንደመለሰ በዚያ ይታወቃል። ራንድል በሚባለው ሰፈሬ፣ ከቤቴ ጀርባ ካለው ሜዳ ላይ፣ አንዱን ቀን በጠራ ሰማይ፣ ሌላውን በደመና ለካሁ። በደመናው ቀን ሁለቱም ቁጥሮች ወረዱ፤ በረዶው የመለሰው ድርሻ ግን ከፍ አለ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ያው ነው።

ደብተሬ ቀይ ኤክስ ተደርጎበት ተመለሰ።

"የሁለቱን ቀን ቁጥር አቀያይረሻል" አሉኝ። "እስከ ዓርብ ካላስተካከልሽ ዜሮ ነው።"

አብሮኝ የሚማር ታክሲ ነጂ ያገሬ ልጅ ሳቀብኝ።

"እትዬ፣ ደመና ብርሃን እንደሚቀንስ በግም ያውቃል። አስተማሪው የሚፈልጉትን ቁጥር ጽፈው ይለፉ እንጂ። እኔ ሜዳውንም አላየሁት፤ ካር ውስጥ ሂተር ከፍቼ ነው የሞላሁት።"

"ስንት ሰጡህ?"

"ፉል ማርክ።"

እኔ ጣቴ እስኪደነዝዝ ቆሜ ያመጣሁትን ልደልዝ? አላደርገውም።

ላይብረሪ ገብቼ ከአንድ ወፍራም መጽሐፍ ጋር ሁለት ቀን በመዝገበ ቃላት ታገልኩ። በረዶ ዓይናችን የሚያየውን ብርሃን አብዛኛውን ይመልሳል፤ ከቀይ ቀጥሎ ያለውን የማይታየውን ጨረር ግን በብዛት ይውጣል። ደመና ደግሞ ያንኑ የማይታየውን እላይ ያስቀረዋል። ስለዚህ በደመና ቀን የሚደርሰን ብርሃን ቢያንስም፣ አብዛኛው በረዶ የሚመልሰው ዓይነት ነው።

ዓርብ ሰማዩ ዳምኖ ዋለ። ደብተሬን እንዳለ ይዤ ቀረብኩ።

"ቁጥሩን አልነካሁትም። ይውጡና እርስዎ ያንብቡ፤ እኔ እጽፋለሁ።"

ኮታቸውን ደርበው ወጡ። አነበቡ፣ ገለበጡ፣ አነበቡ፣ አካፈሉ። ራሳቸው በጠራ ቀን ለክተው ከያዙት በለጠባቸው። ደግመው አካፈሉ።

"እሺ" አሉ በመጨረሻ። "ማለፊያ ነጥብ እሰጥሻለሁ።"

"ማለፊያ አልለመንኩም። ኤክሱን ይሰርዙልኝ።"

እዚያው ቆመው እስክሪብቷቸውን አወጡ። ቀለሙ በብርዱ ረግቶ አልጽፍ አላቸው። የኔን ከብብቴ አውጥቼ ሰጠኋቸው።